የሚያንኳኳው ቧንቧ

ጥር 6

ዛሬም እንደተወቀጥኩ ተነሣሁ። ትናንት የቀኝ ትከሻዬ ነበር፣ ዛሬ ወገቤና ሁለቱም ጉልበቶቼ። ህመም ቤት ይቀያይራል እንዴ? ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ፣ ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ነው የምመስለው። አፌ ደርቋል። ራሴ ከብዷል።

ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ሌሊት ደግሞ አንኳኳ። ሁለት ጊዜ... ዝም... ሁለት ጊዜ። ለባለቤቴ ነገርኩት። ሶፋው ላይ ሆኖ ብርድ ልብሱን እያጠፈ ነበር። «አየር ገብቶበት ነው፣ አየዋለሁ» አለ። ይህን ካለ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ዕድሜውን ሁሉ የሰው ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ የራሱ ቤት ሲሆን እጁ ይታሰራል።

ሳሎን መተኛት የጀመረውም ያኔ ነው። «ለወገቤ ጠንከር ያለ ነገር ይሻለኛል» ብሎ ትራሱን ይዞ ወጣ። ሶፋው ጠንካራ ነው እንዴ? መሃሉ ጎድጉዷል! አልጠየቅኩትም። ሁልጊዜ «አመመኝ» የምትል ሴት አጠገብ መተኛት ሰልችቶት ይሆን? ... ረፈደብኝ፣ ልሂድ።

ጥር 9

የህመሜ ምክንያት እስከ ዛሬ፦ ጎረቤቴ ብርድ ነው አለች። አለቃዬ ዕድሜ። ታላቅ እህቴ በስልክ «ሐሳብ ነው፣ ሐሳብ ታበዢያለሽ»። ራጅ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ምንም ከሌለብኝ ይሄ የሚያመኝ የማን ወገብ ነው?

ፋርማሲስቱ ነርቭ ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ለህመሙም ለእንቅልፉም ይሆናል አለ።

ጥር 17

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ስፌት ቤታችን ለአንድ ድርጅት የሚሰፋው ሰባ ኮት ነበር። ጨርቁን ደራርቤ አነጠፍኩ፣ የእጅጌውን ፓተርን፣ የካርቶኑን ልክ፣ አስቀምጬ በጠመኔ አሰመርኩ፣ በማሽኑ ቆረጥኩ። ፓተርኑን ገልብጦ ማስመርን እንዴት እረሳለሁ? መቶ አርባ እጅጌ፣ ሁሉም የግራ! ለማጅ እንኳ የማይሠራው ስሕተት። ቆሜ ሳላንቀላፋ አልቀረሁም... የመቁረጫው ማሽን በእጄ ላይ እየሠራ። ጣቴ ቢሆንስ ኖሮ?

ሰፊዎቹ ልጆች ሳቁ። «ሁለት ግራ እጅ ያላቸውን ሰዎች ከየት እናምጣ?» አለች አንዷ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አለቃዬ አልተቆጣም። ሜትር ከአንገቱ ስለማይጠፋ «ሜትሬ» ነው የምንለው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እማማ፣ ለጊዜው ቁልፍ ቢተክሉስ?» አለኝ። እማማ! በስምንት ዓመት ነው የምበልጠው።

ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩበት የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው። ቤት አልጋዬ ላይ ብቻዬን፣ ሥራ ቦታ ጥግ ላይ ከቁልፍ ጋር። ሁሉም ቀስ እያሉ ከእኔ ፈቀቅ ይላሉ ልበል?

ጥር 18

ቁልፍ ስተክል ዋልኩ።

ጥር 25

ስለ ጠረጴዛው ዛሬ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ፤ መሃል ላይ መለሰው። ትከሻዬ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው። ሻይ ላፍላልሽ ብሎ ተነሣ።

ሸሸኝ። ይኸው ነው እንግዲህ።

የካቲት 3

እህቴ ጥርሷን ልትታከም መጥታ ትናንት አብራኝ አደረች። ጠዋት ስነቃ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ሌሊት ስንቴ እንደሞትሽ ታውቂያለሽ?»

«ደግሞ ምን ልትይ ነው?»

«ታንኮራፊያለሽ፣ ታንኮራፊያለሽ... ከዚያ ጭጭ! እኔ እቆጥራለሁ። ሃያ፣ ሃያ አምስት... ሞተችብኝ ብዬ ልጮህ ስል ያ ቧንቧችሁ ኳ ኳ ያደርጋል። አንቺም ውኃ ውስጥ እንደ ሰመጠ ሰው አየር ስበሽ ትመለሻለሽ። ጥርሴን ረሳሁት እኮ!»

እኔ አላንኮራፋም አልኩ። እንደ ስድብ ነው የሰማሁት። ባለቤቴ በር ላይ ጫማውን እያሠረ ነበር፤ «ንገራት እንጂ!» አለችው። ቀና አላለም። ክሩን ቋጥሮ ፈታው፣ እንደገና ቋጠረው።

የካቲት 20

እህቴ በግድ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ራሴና ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው አስተኙኝ፤ ውጤቱ ዛሬ መጣ። በሰዓት ሠላሳ አንድ ጊዜ ትንፋሼ ይቆማል። ሠላሳ አንድ! እኔ ደህና የተኛሁ መስሎኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። «ጉሮሮዎ እንቅልፍ ላይ ይዘጋል። ሰውነትዎ ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲፈልግ ነው የሚያድረው።»

«እኔ የመጣሁት ለወገቤ ነው» አልኳት።

«ወገብዎም ከዚህ ሊያያዝ ይችላል። ያላረፈ ሰውነት ህመም ይጎላበታል። ህመሙ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል።»

«ታዲያ የቱ ነው የጀመረው?»

«እሱን አላውቅም» አለች። አላውቅም የሚል ሐኪም ገና ማየቴ ነው። ደስ አለኝ ወይስ ፈራሁ? ክኒኑንም አስቆመችኝ፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ነገር ትንፋሼን ጭራሽ ያዘገየዋል አለች። ልድን ብዬ የዋጥኩት!

መጋቢት 1

መሣሪያው ቤት ገባ። አየር የሚነፋ ትንሽ ሣጥን፣ ረጅም ቱቦ፣ አፍንጫ ላይ የሚታሠር ጭንብል። «የቧንቧ ሠራተኛ ሚስት ይኸው ቱቦ ተገጠመላት» አልኩት ባለቤቴን። ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። ቱቦውን ራሱ ገጠመው፣ አየር እንዳያመልጥ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ «ደህና እደሪ» ብሎ ወደ ሶፋው ሄደ።

መጋቢት 9

ምንም ለውጥ የለም። ጉልበቴ ያው፣ ትከሻዬ ያው። ጭንብሉ አፍንጫዬን ላጠው። ትናንት አውልቄ ወረወርኩት። ጠዋት ስነቃ ግን ታጥቦ ትራሴ አጠገብ ተቀምጧል። እኔ አላጠብኩትም።

መጋቢት 23

ዛሬ አንድ ነገር ገረመኝ። ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ካሠርኩ በኋላ ነው ወገቤን ያስታወስኩት። አመመኝ፤ ግን ዘግይቶ።

ሜትሬንም ደፍሬ ጠየቅኩት። «ጠዋት ጠዋት ልቁረጥ፣ ሲደክመኝ ወደ ቁልፌ» አልኩ። ሃያ ሱሪ ሰጠኝ። እያንዳንዱን ፓተርን ገልብጬ፣ ጮክ ብዬ «ቀኝ፣ ግራ» እያልኩ አሰመርኩ። ይሳቁ!

ደግሞ ቧንቧው... ዝም ብሏል። ስንት ቀኑ ነው? ባለቤቴን «ጠገንከው እንዴ?» አልኩት። «እ... አዎ» አለ፤ ዓይኔን ሳያይ። መቼ?

ሚያዝያ 4

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጠረገች ለመባል ያህል ሳይሆን ከልቤ ልጥረግ ብዬ ሶፋውን ከግድግዳው ሳብኩት። ግድግዳው ላይ፣ ጋደም ያለ ሰው እጅ የሚደርስበት ጋ፣ ቀለሙ ተልጦ ስሚንቶው ወጥቷል። የጡጫ ያህል ቦታ። መኝታ ቤት ገብቼ ለካሁት፤ ያለኝ ሞያ መለካት ነው። በትክክል ከትራሴ ጀርባ።

ባለቤቴ ሲመጣ ሶፋው እንደተሳበ ነበር። አየው። ቁጭ አለ።

«ቧንቧ አልነበረም» አለ።

«ሁለት ዓመት?»

«አጠገብሽ ስተኛ ዝም ስትይ እነቀንቅሽ ነበር። አንድ ሌሊት ትከሻሽን አመመሽና 'አትንካኝ!' ብለሽ ጮህሽ። እንቅልፍሽ ላይ ነው፣ አታስታውሺውም። ሌላ ቀን ስገላበጥ አለቀስሽ። ወጣሁ። ከዚህ ሳንኳኳ ግን ብዙም ሳትነቂ ትተነፍሻለሽ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«አንዴ ታንኮራፊያለሽ ብልሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽኝ። ደግሞ በሽታ መሆኑን በምን ልወቅ? ድካም ነው ብዬ...»

ጮህኩበት። ሁለት ዓመት በህመም ስማቅቅ፣ ክኒን ስውጥ፣ ሸሸኝ ብዬ ስብሰለሰል! አንዲት ቃል! ሲደክመኝ ጠየቅኩት፦ «አንተስ አትተኛም ነበር?»

«እተኛለሁ። የሚቀሰቅሰኝ ዝምታሽ ነው።»

የቀኝ እጁን አየሁ። የጣቶቹ አንጓ ደንድኗል። ያ ደግሞ የሥራው መስሎኝ ነበር። ተናድጄበታለሁ፣ አሁንም። እጁን ግን አልለቀቅኩም።

ሚያዝያ 20

እሑድ ጠዋት። ወገቤ አለ፣ ጉልበቴ አለ። ሐኪሟም ሁሉም ይጠፋል አላለችኝም። ግን አንድ በአንድ ነው የሚመጡት፤ ሁሉም ባንድ ላይ አይጮሁም። ከነገ ጀምሮ ጠረጴዛው የእኔ ነው፣ ሙሉ ቀን። ሜትሬ «እማማ» ማለቱን ግን አልተወም።

ባለቤቴ አጠገቤ ተኝቷል። ሦስተኛ ሳምንቱ። እስካሁን ሲነጋ ቀድሞኝ ይነሣ ነበር፣ ዛሬ እኔ ቀደምኩት። ጭንብሌን አወለቅኩ፣ መሣሪያውን አጠፋሁ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ወዲያው እጁ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ አልተከፈተም። ግድግዳውን ፈለገ፣ አጣው፣ የአልጋውን ራስጌ አገኘ። ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

«አለሁ» አልኩት።

እጁ ወረደ። ተኛ።