የሺ እስክትሰማ

አርብ፣ ኦገስት 8፣ ጠዋት

ድንኳኑ መኪና ውስጥ ገባ። ብርድ ልብስ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ሽሮ፣ በሶ። ፍልሰታ ስለሆነ ስንቁ ቀላል ነው፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ልጄ ሜሮን ይዘንብ ይሆን ብላ አሁንም አሁንም ዌዘሩን ቼክ ታደርጋለች።

ትናንት ጌታሁን ደወለ፤ የጓደኛዬ የየሺ ባል። እናቷ እትዬ አስካለ ደሴ ላይ አርፈዋል። ቀብሩም ተፈጽሟል። የሺ አታውቅም። ወንድሟ እሑድ ማታ ከጀርመን ይገባል፤ ሰኞ ንጋት ላይ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ የቤ/ክ ሰዎችን ይዘው ሊያረዷት ነው። እስከዚያ እቤት ከዋለች አንዱ ይደውልላታል፣ ወይ ፌስቡክ ላይ ታየዋለች። ካምፒንጉ መቼም ለሦስታችሁ ቡክ ተደርጓል፣ ይዘሻት ሂጂ፣ ስልኳን ብቻ አደራ አለኝ። እያለቀሰ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? የአባቴን ሞት የሰማሁት ሂትሮው ኤርፖርት ሥራ ላይ፣ የአውሮፕላን ምግብ ትሪ ስደረድር፣ በቴክስት ነው። የሚደግፈኝ ሰው አልነበረም። ለየሺ ያን አልመኝም።

ወጣሁ። የሺ ኪልበርን ሰፈር አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ እየጠበቀችን ነው። ኮፍያ ገዝታለች አሉ።

አርብ፣ ከሰዓት

ደረስን። ጫካ፣ ሁለት ሐይቅ፣ የማይፈሩ ዳክዬዎች። ኔትወርክ ያለው የግቢው በር አካባቢና ሐይቁ ዳር ብቻ ነው። ተመስገን። የሺ ደግሞ መንገዱን ሙሉ በስልኳ መዝሙር ስትከፍት ስለመጣች ባትሪው አለቀ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ አሳፈረኝ።

ደስታዬ አልቆየም። ለካስ በየድንኳኑ አጠገብ የመብራት ሶኬት ያለበት አጭር እንጨት ተተክሏል። ጫካ መብራት ይኖረዋል ብዬ መቼ አሰብኩ! የሺ ገመዱን ድንኳን ድረስ ስባ ስልኳን ሰካች።

ከዚያ ሜሮን ማሞቂያውን፣ እኔ ውሃ ማፍያ ኬትሉን አንድ ላይ ሰካን። መብራቱ ድርግም። የሺ በሳቅ ሞተች፤ አገራችን ገባን ማለት ነው አለች። የግቢው ጠባቂ፣ ደግ ሽማግሌ፣ መጥቶ አስተካከለውና ሁለቱን አንድ ላይ እንዳንሰካ መከረን።

ምክሩን ተጠቀምኩበት፤ ለክፋት። የሺ ሻወር ስትሄድ ማሞቂያውንም ኬትሉንም ሰካሁ። ድርግም። ስልኳ ሳይሞላ ቀረ። ለሽማግሌው አልነገርኩትም፤ ለየሺ ግን ነግሬዋለሁ አልኳት።

ማስታወሻዬ፣ ዝም አትበይኝ። ሌላ የምነግረው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9፣ ጠዋት

የሺ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ጋ ትደውላለች። እንዴት ረሳሁት!

ስልክሽን አውሺኝ፣ ሐይቁ ዳር ሄጄ እማዬን ሰላም ልበላት አለች። ዳታ ጨርሻለሁ፣ የሜሮንም አልቋል አልኩ። በጾም፣ ፊት ለፊቷ። እሺ፣ ነገ ማታ እቤት ስገባ እደውላለሁ፣ ግን ትቆጣኛለች አለች። ስለ ቁጣቸው እያወራች ትስቃለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው እያደር ከበደ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ጾማችንን የፈታነው በሽሮ። እትዬ አስካለ የላኩት ሽሮ ነው፤ የሺ ነች ያመጣችው። ለኔም በየዓመቱ ይልኩልኝ ነበር፣ ስሜን በእስክሪብቶ ላስቲኩ ላይ አስጽፈው። ጉርሻዬን ትቼ ዓይኔን ጠረግኩ። ጭሱ ነው አልኩ። ጋዝ ምድጃ ምን ጭስ አለው?

ቀደም ብሎ በእግር የሚዘወር ጀልባ ተከራይተን ነበር። የሺና ሜሮን ተሳፈሩ፣ እኔ ከዳር ቪዲዮ አነሳኋቸው። ኮፍያዋ ውሃ ውስጥ ወደቀ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዘመን ሆነኝ።

ከውሃው ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እግሯን እየጠረገች ሳልጠይቃት ስለ አባቷ አወራች። እንግሊዝ በገባችበት ሰሞን ሞተው ነበር። የመኖሪያ ወረቀቷ እስኪያልቅ ተብሎ ተደበቀባት። በዚያ መሀል ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ሠርግ ተጠርታ ስትጨፍር አመሸች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

“ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ፊት እስከዛሬ አይጠፋኝም” አለች። “ሞቱን ይቅር ብያለሁ። እነሱን ግን አልቻልኩም።”

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ቪዲዮው እንደተከፈተ።

ቅዳሜ፣ ምሽት

የሺ ተኝታለች፤ ጀልባው አድክሟታል።

ሜሮን ትናንት ማሞቂያውን ስሰካ አይታኛለች። ለምን ብላ ያዘችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ቁጣዋ ሌላ ሰው አስመሰላት፤ “ማሚ፣ የማወቅ ራይት አላት እኮ! እናቷ ናት!” አለችኝ። መርዶ ለብቻ አይሰማም፣ ሰው መሰብሰብ አለበት፣ ባህላችን ነው አልኳት። የሺ ለብቻዋ አይደለችም፣ እኛ አለን አለች ሜሮን።

እውነት ለሷ አስቤ ነው ወይስ ነግሬ የማስለቅሳት እኔ እንዳልሆን ፈርቼ? ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም። ይሄው ጻፍኩት።

በሩ ጋ ሄጄ ጌታሁን ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጣ። እስከ ሰኞ ቃል ገብተሽ አለ። ከዚህ ወዲያ ፊቷን ማየት አልችልም አልኩት። በመጨረሻ ንጋት ላይ ጋሽ ታደሰን ይዞ ሊመጣ ተስማማ። ወንድሟ ማታ ይደርሳል። እኛ እስክንመጣ አፍሽን ያዢ አለኝ።

እሑድ፣ ኦገስት 10፣ ንጋት

ጭጋግ ሐይቁ ላይ። ከጎናችን ያሉት እንግሊዞች ገና አልተነሱም። ለሽማግሌው አርብ ዕለት አንድ ላይ የሰካሁት ሆን ብዬ ነው ብዬ ነገርኩት፤ ግራ ገባው፣ ግን መብራቱን መለሰው። የየሺ ስልክ ባትሪ እየሞላ ነው።

ሜሮን ሳልቀሰቅሳት ተነሳች። ለቅዳሴ ብለን የያዝነውን ነጠላ አወጣች። ለለቅሶ ጥለቱ በየት በኩል እንደሚዞር ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ልጄ ነጠላ አዘቅዝቃ፣ በጃኬት ላይ፣ ሣሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

የጀልባውን ቪዲዮ ላጠፋው ነበር፤ ተውኩት። የየሺ ነው፣ እሷ ትወስን።

ጌታሁን መንገድ ላይ ነን ብሏል። ግን ሳስበው፣ ጋሽ ታደሰ ነጠላ ለብሰው ከመኪና ሲወርዱ ካየች እዚያው መሬት ላይ ትወድቃለች። ከመኪና በር መስማት የለባትም። ከኔ ትስማ። የማትረሳው ፊት ካለ የኔ ይሁን፤ ግን ያጨበጨበ ሳይሆን የነገራት ፊት።

መኪናው እስኪደርስ አልጠብቅም።

የድንኳኑ ዚፕ ተከፈተ። የሺ ናት፣ ኬትሉን ይዛ። መብራት መጣ ወይ ትለኛለች። ሜሮንን ገና አላየቻትም።

መጥቷል አልኳት። ማስታወሻዬ፣ አሁን ላስቀምጥሽ፣ ሁለቱም እጆቼ እሷን ለመደገፍ ይፈለጋሉ።