ማሰሪያ የሌለው የግራዝማች ጫማ

ኅዳር 20 ቀን 1954

የገበያ ቀን። ሶል ስሰፋ ዋልኩ። ከገሱባ የመጣ አስተማሪ የተላቀቀ ተረከዝ አስመታ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ግራዝማች ዓምደሚካኤል አስጠሩኝ። የምሠራባት ክፍል የእሳቸው ናት፤ ሲጠሩ ይኬዳል። በቅሎ ከጣለቻቸው ወዲህ ወገባቸው አልታጠፍ ብሏል። የጫማቸውን ክር የሚያስረው አሽከር ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደግሞ ማውለቅ አለ... ያ ሁሉ ሰው እያየ አሽከር ተንበርክኮ ሲፈታ፣ ሲያስር። አይናገሩትም እንጂ አፍረዋል።

«ክር የሌለው ጫማ ሥራልኝ። ቆሜ የማጠልቀው፣ ቆሜ የማወልቀው። ለገና ይድረስ።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው፤ እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም።

ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እግራቸውን ወረቀት ላይ አኖሩ። ዙሪያውን በእርሳስ ዞርኩ፣ ሳልነካቸው። እኔ ሶርሳ የቆዳ ፋቂ ልጅ መሆኔን ሶዶ ሁሉ ያውቃል። እኔም ቦታዬን አውቃለሁ።

ኅዳር 25

ክሩን ማስቀረቱስ ቀላል ነው። ታዲያ እግሩን ምን ይይዘዋል? ከሰፋ ይወልቃል፣ ከጠበበ አይገባም። ከግራና ከቀኝ ቆዳውን ሰንጥቄ ላስቲክ ብሰፋበትስ? ላስቲክ ከየት ይመጣል?

ቦዲቲ ድረስ ሄጄ ባለላስቲክ የሱሪ ማንገቻ አገኘሁ። ቆራረጥኩት። ባለቤቴ ወይዘሮ ፈጠነች «ሱሪህ ይውለቅና ጫማው ይጥበቅ» አለች። እኔንም አሳቀችኝ።

ታኅሣሥ 2

እሸቴ መጣ። ጎረቤቴ ጨርቅ ሻጩ። ይህችን ክፍል ከተመኛት ቆይቷል። የጀመርኩትን ጫማ አገላብጦ አየና «ክሩን ረሳኸው እንዴ?» አለ። ሲወጣ የበሩን ስፋት በክንዱ ለካ... በዓይኔ አየሁት።

ታኅሣሥ 9

ጫማውን ወሰድኩላቸው። እንደተቀመጡ እግራቸው ሰተት ብሎ ገባ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ተነሡ። አንድ እርምጃ... ፊታቸው ጠቆረ።

«ጨመደደኝ። አውልቅልኝ።»

አሽከሩ በስንት መከራ ጎትቶ አወለቀው።

«ለገና ካልተስተካከለ ክፍሉን ለእሸቴ ታስረክባለህ። ሲለምነኝ ነው የከረመው» አሉ።

ክፍሉ ከሄደ ወዴት ነው? ወደ አባቴ መንደር፣ ቆዳ መፋቅ። በዚህ ሰፈር ለፋቂ ልጅ ቤት የሚያከራይ ሌላ ሰው የለም። ፈራሁ።

ታኅሣሥ 11

ፈጠነች እግሯን ታጥባ ዱካ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በረጠበው እግሯ የቆዳ ቁራጬን ረግጣዋለች። ልቆጣ ስል ተነሣች። የእርጥብ እግሯ ምልክት ቆዳው ላይ ሰፋ።

«ተቀመጪ» አልኳት። «አሁን ተነሺ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?»

የተቀመጠ እግርና የቆመ እግር አንድ አይደለም። ክር ያለው ጫማ ቢጠብ ይላላል። ይሄኛው ግን ምሕረት የለውም። በግምት ላስፋውስ? መንገድ ላይ ይወልቅባቸዋል፤ የባሰ ውርደት። ቆመው መለካት ነበረባቸው።

ታዲያ ለምን ተቀምጠው ለካኋቸው? ግራዝማች ለፋቂ ልጅ አይነሡማ። ሌላውንስ ሰው? ሁሉንም አስቀምጬ ነው የምለካው። ለማንም «ተነሥ» ብዬ አላውቅም።

ታኅሣሥ 14

ይነሡ ልላቸው ግራዝማች ዘንድ ሄድኩ። «ትንሽ ቀን ይስጡኝ» ብዬ ተመለስኩ። ፈሪ።

ታኅሣሥ 18

ተናገርኩ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ይነሡልኝ። ቆመው ልለካዎ። እግርዎንም በእጄ መያዝ አለብኝ።»

አሽከሩ ፊቱን አዞረ። ግራዝማች አተኩረው አዩኝ።

«ለማን ነው የምነሣው?»

«ክብደትዎ ሲያርፍበት እግርዎ ይሰፋል ጌታዬ። ተቀምጠው ከለካሁ እንደገና ይጠብዎታል።»

«ውጣ።»

ወጣሁ። ለፈጠነች ስነግራት «እንኳን አልክ» አለች። እንኳን? ቤቱ እኮ ሄደ...

ታኅሣሥ 22

ዕቃ እያሰርን ነበር። ዱካውንም አግዳሚውንም ወደ አባቴ መንደር ልከናል። ፈጠነች ጫማ የምወጥርባቸውን የእንጨት ፎርማዎች ጆንያ ውስጥ ስትከት በቅሎ በራችን ላይ ቆመች። ግራዝማች። በአሽከሩ ተደግፈው ወረዱና ገቡ። ፈጠነች ከጎረቤት ዱካ ልታመጣ ተነሣች።

«ተዪው» አሏት። ወደ እኔ ዞሩ። «በል ለካ።»

ወረቀቱን መሬት ላይ ዘረጋሁ። ወጡበት። እግራቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ጣታቸውን፣ ተረከዛቸውን። ወገባቸው ሲያማቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ከባድ እጅ ነው። ለክቼ እስክጨርስ አላነሡትም። እሸቴ ከሱቁ አንገቱን አውጥቶ ያያል።

የሄዱ ጊዜ አለቀስኩ። ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ። በር ላይ ደረሱ፣ በአንዱ እግራቸው የሌላውን ተረከዝ ገፋ አደረጉ፣ ወለቀ። ሲወጡም ቆመው አጠለቁት። አሽከሩ ሥራ ፈቶ ቆሟል። እኔን አላዩኝም። ይሁን።

ፎርማዎቹ ከጆንያ ወጥተዋል። ዱካውም ተመልሷል።

ዛሬ ጠዋት እሸቴ መጣ። ዱካው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ ጫማውን ፈታ፣ እግሩን ዘረጋልኝ።

«ለእኔም እንደዚያ ያለውን ሥራልኝ።»

ወረቀቱን መሬት ላይ አነጠፍኩ። እርሳሴን ያዝኩ።

«ተነሥ» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ተነሣ።