በኪሴ የቀረችው የመስታወት ማውረጃ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ወገብህ እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ ነበር፤ ብርዱ ነው ወይስ የፈረቃው ሥራ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሹ ጥርስ አበቀለ ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን የምልህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ የሚቀጥለውን ስታነብ ተመልሰህ እንድታየው ብዬ ነው። እናታችን ደህና ናት፣ ታናሽ እህታችን ሚጣም ደህና ናት፣ ታክሲዋም አለች።

ነፍሱን ይማረውና በአባታችን ታክሲ የሆነውን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ባለፈው ደብዳቤህ ወይ ጠግኗት ወይ ለአሮጌ ብረት ገዢ ስጧት፣ የሰው መሳቂያ ግን እንዳታደርጓት ብለህ ነበር። እኔ ሁለቱንም አላደረግሁም። ሚጣ ለመመረቂያ ትርኢቷ መኪናዋን ስትጠይቀኝ እሺ አልኩ፤ እናታችን ስትቆጣ ደግሞ «ወንድም ጋሼ ፈቅዷል» ብዬ ዋሸኋት።

ትርኢት ስልህ ዘፈንና ቴአትር እንዳይመስልህ። መኪናዋን በገመድ ስበን ሥዕል ትምህርት ቤቱ ግቢ አስገባናት። ሞተሯ ከወረደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ባትሪም የላትም። ሚጣ የአባታችንን ኮት ለብሳ መሪው ላይ ትቀመጣለች። ሰዎች አንድ በአንድ ከኋላ ይገቡና መሄድ የሚፈልጉበትን ይነግሯታል። እሷ ማርሽ ታስገባለች፣ መሪ ታዞራለች፤ መኪናዋ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። በር ከፋቹና ዘጊው እኔ ነበርኩ። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ገብተው «ወደ ሃያ ዓመቴ ውሰጂኝ» አሏት። ሚጣ በመስታወቱ አየቻቸውና «እማማ፣ መንገዱ ተቆፍሯል፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው የምንሄደው» አለቻቸው። ፊቷን አጨፍግጋ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናታችን እንኳ አፏን በእጇ ሸፈነች።

የመጨረሻው ክፍል ሌላ ነው። ሁሉም ወርደው ሚጣ ብቻዋን ትቀራለች። ተመልካቹ ብሩሽ ይዞ እሷ እስከማትታይ ድረስ መስታወቶቹን በነጭ ቀለም ይቀባል። «ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሁሉ አባዬን ሳያየው ነው የተሳፈረው» ብላኝ ነበር። ከዚያ ጊዜው ሲመስላት በገዛ እጇ ከፍታ ትወርዳለች። ካርቶን ላይም «ባንኳኳም ቢሆን እኔ እስክወጣ ማንም በር እንዳይነካ» ብላ ጽፋ ኮፈኑ ላይ አቁማለች።

አሁን ታክሲዋን አስታውሳት። በሮቿ ከውስጥ አይከፈቱም። አባታችን ሲወርድ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አውጥቶ ከውጭ ነበር የሚከፍተው። የመስታወት ማውረጃዋም፣ ያቺ የምትዞር ብረት፣ ለአራቱ በር አንዲት ብቻ ነበረች፤ ተሳፋሪ ሲሞቀው ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ነበር። መኪናዋን ሲያቆም ደግሞ ነቅሎ ኪሱ ይከታት ነበር።

እኔም ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አራቱንም መስታወት እስከ ጫፍ ድረስ ዘጋሁ፣ በልማድ ማውረጃዋን ነቀልኩ፣ በሩን ዘጋሁባት። ሚጣ ዓይኗን ከፊት ለፊቷ አልነቀለችም። እኔ ደግሞ ማውረጃዋን የት እንዳደረግኋት አላሰብኩም።

ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ቀለሙ ተቀብቶ አለቀ፤ ዐሥር ደቂቃ አለፈ። ከውስጥ ማንኳኳት ተሰማ። ሰው አጨበጨበ። ደግማ አንኳኳች፤ ድምፅዋ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። የሥዕል መምህሯ ጠጋ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አለኝ። እስከ በሩ ሄድኩ፤ ካርቶኑን አየሁና ተመለስኩ። ወንድም ጋሼ፣ ልነግርህ የከበደኝ ይኸው ነው። እየሰማኋት ተመለስኩ። ልፋቷን አበላሽባታለሁ ብዬ ፈራሁ።

ማንኳኳቱ እየደከመ ሲመጣ እናታችን ከወንበሯ ተነሳች።

«ማውረጃዋ የታለች?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

እዚያው ውስጥ ናት ልላት አፌን ስከፍት እጄ የቱታዬ ኪስ ገባ። ብረቱን ነካሁት።

መምህሩ ክንዴን ያዘኝ፤ ገፍቼው አለፍኩ። በሩን ስከፍት የወጣው ሙቀት ፊቴን ለበለበኝ። ሚጣ ኮቱን አውልቃለች፤ በጫማዋ ተረከዝ መስታወቱን ልትመታ እጇን አንስታ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል። ደግፌ አወጣኋት፤ እናታችን ውኃ አናቷ ላይ አፈሰሰችላት። ሰው ጨዋታ እንዳልነበረ የገባው ያኔ ነው።

ትንፋሿ ሲመለስ እጇን ዘረጋችልኝ። ደግፈኝ ያለችኝ መሰለኝ።

«ማውረጃዋን» አለች።

እምቢ አልኳት። ትከለክላታለች ብዬ እናታችንን አየኋት። እሷ ግን «ስጣት፤ አንተ ከበሩ እንዳትርቅ» አለች። ሚጣ ኮቱን መልሳ ለበሰች፣ ገባች፣ በሩን በላይዋ ዘጋች። እኔ የበሩን መክፈቻ እንደያዝኩ ቆምኩ። ነጩ መስታወት ቀለሙ እየተፋቀ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። ያ የኮት እጅጌ ወጣ፣ በሩን በዳበሳ ወረደ፣ እጄን አገኘና ገፋው። ከፍታ ወረደች። ማንም አላጨበጨበም። እናታችን ብቻ «እንዲህ ነበር የሚወርደው» አለች።

በማግስቱ አራቱም በሮች ከውስጥ እንዲከፈቱ አድርጌ ጠገንኳቸው። መካኒክ ተብዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ያላደረግሁት ሥራ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ሚጣ «አበላሸኻት» አለችኝ፤ እየሳቀች ይሁን እየተናደደች አልለየሁም። አለመፍቀድህንም ለእናታችን ነገርኳት። «ድሮም አውቄአለሁ፤ እሱ ቢፈቅድ ለእኔ ይደውል ነበር» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልተቆጣችኝም።

ትርኢቱን በሚቀጥለው ወር እንድትደግመው ተጠይቃለች። እኔ ሁለተኛ በስምህ አልዋሽም፤ መኪናዋ ከግቢያችን የምትወጣው አንተ እሺ ካልክ ብቻ ነው። ብትቆጣም ጻፍልኝ።

እናታችን ወገብህን በሞቀ ጨርቅ እሰር ብላሃለች። ባለቤቴ ለባለቤትህ ሰላምታዋን ታቀርባለች፤ ልጆቹን አገላብጣችሁ ሳሙልኝ። ሚጣን ናፍቀሃታል። መልስ ስትጽፍ እንደማንኛውም ተሳፋሪ የምትሄድበትን ንገረኝ፣ እወስድሃለሁ ብላሃለች።

ታናሽ ወንድምህ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ መጋቢት 14 ቀን