ሀብታሙ ያልወሰደው ሥልጠና

ጥር 14

የእህቴ ልጅ ሀብታሙ ዋና አይችልም።

ታላቅ እህቴ ዛሬ እኔንና ልጇን ፍኖተ ሰላም ካለ የሥራ ማስረጃ ከሚጻፍበት ጽሕፈት ቤት ይዛን ገባች። የመርከብ መኮንንነቱን ትቼ አሠልጣኝ ስለሆንሁ፣ ሀብታሙ ከባሕር አደጋ የመትረፍ ሥልጠና ወስዷል ብዬ እንድፈርምለት ነው። ማኅተሜን ሳይቀር ከሻንጣዬ አውጥታ ይዛዋለች።

«ሳይሠለጥን?» አልኋት።

«መርከብ ላይ ሊሠራ እንጂ ከዓሣ ጋር ሊዋኝ ነው እንዴ? ለባዕድ ልጅ ስትፈርም ኖረህ ለእኔ ሲሆን እጅህ ዛለ!»

የፈረምሁት ዓይኔ እያየ ዘለው ውኃ ለገቡት ነው።

ሀብታሙን «መርከቡ ሲሰጥም እንዴት ትዘላለህ?» አልሁት።

«ዓይኔን ጨፍኜ» ብሎ ሳቀ። እናቱም ሳቀች። ደሜ ፈላ። እንዲሁ ዓይኑን ጨፍኖ የዘለለ መርከበኛ ውኃ ውስጥ የነበረው ጓደኛው ላይ ወድቆ አንገቱን ሲሰብርበት አይቻለሁ።

ጸሓፊዋ «ጋሼ፣ ሥልጠናው መቼ ተጠናቀቀ ልበል?» አለችኝ።

ማኅተሜን ከእህቴ እጅ ነጠቅሁና ለጸሓፊዋ ቀኑን ሳልነግራት ወጣሁ።