ሟቹ በአካል ቀርበው እንዲፈርሙ ስለተባለበት ሥዕል

ለተከበሩ የምስል መብት ጥበቃ ቢሮ ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔም በቢሮዎ ጥበቃ ሥር ከወደቅሁ ወዲህ እስትንፋሴ አለመቋረጡን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። ከጫማ ጥገናው ቤት በላይ ባለችው አንዲት ክፍል ሥዕል እየሣልኩ፣ በኢንተርኔት ገጼ እየሸጥኩ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ይቅርታ፣ ነበርኩ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1. ሁላችን «ሳቂታው» የምንለው ታዋቂ ተዋናይ በገዛ እግሩ ደረጃዬን ወጥቶ ሣለኝ ሲለኝ፣ አደራ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የፊልም ማስታወቂያዎች ሁሉ የሚደፍኑበትን የፊት ጥርሱን ፍንጭት እንዳልደፍንበት። እንዳለው ሣልኩት። ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ባለቤቴ ፎቶ አነሳችው፤ ልለጥፈው ወይ ብዬ ስጠይቀው «ለጥፈው እንጂ ወንድሜ፣ ገበያ ያምጣልህ» አለኝ። ከሥሩ «እሱ ወዶታል፣ እናንተም እዘዙኝ» ብዬ ለጠፍኩት። ሕጉ ክፉ ነው አልልም፤ ሳያስፈቅድ በሰው መልክ ሳሙና የሚሸጥ ሞልቷል። ብቻ የሰው ቃል ፈቃድ አለመሆኑን፣ ፈቃድ የሚባለው በጽሑፍ የሰፈረው መሆኑን፣ ገጼን ከነሥራዎቼ በሙሉ ዘግተው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

2. ምስሉን ካለበት ሁሉ እንዳጠፋ ሲያዙኝ፣ ሸራው ላይ ያለውም ይጨምር እንደሆነ በመስኮቱ የተቀመጡትን ሠራተኛ ጠየቅሁ። ቀና እንኳ ሳይሉ «ፊት ፊት ነው፣ ጋሼ» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ከስልኬ አጠፋሁት፤ ከግድግዳ የተረፈ ግራጫ ቀለም አምጥቼም ሸራው ላይ ያለውን ፊት መቀባት ጀመርኩ። ፍንጭቱ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ ግን እስር ቤት ስንቅ አላመላልስም ብላ ብሩሹን ተቀብላ ጨረሰችው።

3. ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የሕግ ክፍልዎ፣ ሥዕሉ ራሱን የቻለ የጥበብ ሥራ ስለሆነ ክልከላው እንደማይመለከተው፣ የተከለከለው ፎቶውን ለማስታወቂያ መጠቀም ብቻ እንደነበረ በትሕትና አብራራልኝ። ግራጫውን ለመፋቅ ሞከርኩ፤ ፊቱም አብሮ ተነሳ። ለማብራሪያው ጥራት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

4. ሳቂታው ሞተ። ለካ ደረጃዬን እያረፈ የወጣው ታሞ ኖሯል። ገጼ ይከፈትልኝ ብዬ ብለምን «ባለመብቱ በአካል ቀርበው ይፈርሙ» ተባልኩ። አርፈዋል ብዬ ባስረዳ «እንግዲያው ሲመቻቸው ይቅረቡ» የሚል መልስ አገኘሁ። ቀጠሮ ስላላጣበባችሁባቸው በሟቹ ስም አመሰግናለሁ።

5. የሳቂታው እናት የደረጃውን መደገፊያ እየያዙ ወጥተው መጡ። «ልጄ፣ ጥርሱን ያልደፈንክበት አንተ ነህ አሉ፤ እስቲ አሳየኝ» አሉኝ፤ ካደገ ወዲህ ያላቸው ፎቶ ሁሉ ፍንጭቱ የተደፈነበት ነውና። ግራጫውን አሳየኋቸው። የኮሌታውን ጫፍ በጣታቸው ነክተው «ሸሚዙስ የሱ ነው» አሉ። እኔ ወደ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለዚህኛው የምስጋና ቃል አጥቻለሁ፤ ቢሮዎ ፈልጎ ይሙላልኝ።

ማህተምዎ ሳይደርቅ፣ ፊርማዎ ሳይደበዝዝ፣ የማንም እናት በርዎን ሳያንኳኩ ዘመንዎን ይፈጽሙ ዘንድ የሚመኝልዎ፣ ከእንግዲህ ፊት የሌለው ነገር ብቻ የሚሥል፣

አክባሪዎ፣
ከጫማ ጥገናው ቤት በላይ ያለው ሰዓሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቢሮዎ በገጹ ያወጣውን የሐዘን መግለጫ አየሁ። የተጠቀማችሁበትን ምስል በፍንጭቱ ወዲያው ለየሁት፤ የእኔ ሥዕል ነው፤ ገጼን ስትዘጉ ያስቀራችሁት መሆን አለበት። ስሜ የነበረበት ጥግ ተቆርጦ በምትኩ «ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል» የሚል ጽሑፋችሁ አርፎበታል። ስለ እኔ ፈቃድ ነገር አላነሳም። እናቱ አሳትመው ግድግዳቸው ላይ እንዲሰቅሉት ብቻ የጽሑፍ ፈቃድ ይስጡልኝ። በአካል ቀርበው ይፈርማሉ፤ እሳቸው ገና በሕይወት አሉ።