ትዳሬን በደረሰኝ አስረጂ ሲሉኝ

ይድረስ በባሕር ማዶ ላለሽው ለእህቴ ለእትዬ ወሰንየለሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱ ሲጠና የሚነሣብሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ አባይነህስ አዲሱ ሥራ ተስማማው? ልጅሽ ማርያማዊት አድጋ ይሆን፣ አማርኛውንስ አልረሳችውም? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። አባባ ዕድሜ ሳይበግራቸው አሁንም ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ እማዬም ጉልበቷን እያማረረች ከሰው ሁሉ ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። የበልጉ ገብስ ውርጭ ካልመታው ደኅና ይዟል። ደኅና ነን ማለቴ ግን የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ እኔስ ውስጤ እርር ብሏል።

የላክሽው ደብዳቤ ለዳግማይ ትንሣኤ ደረሰኝ። አንብቤ ሳቅሁም ተናደድሁም። የቪዛው ሹም የበጎችሽን ቁጥር ሲጠይቅሽ ለምን በቀጥታ አልመለስሽለትም ብለሽኛል። እትዬ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ? ከብት በሰው ፊት አይቆጠርም፣ በረከቱ ይነሣል እየተባልን አንድ መደብ ላይ ያደግን አይደለንም ወይ? ለካ ባሕር የተሻገረ ሰው ይህንንም ይረሳል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና የሆነውን ከመነሻው ስሚኝ።

አዲስ አበባ ወርጄ ተራዬ ደርሶ ኤምባሲው መስኮት ጋ ስቆም፣ ሹሙ በአስተርጓሚ በኩል ከባልሽ ጋር ገንዘባችሁ አንድ መሆኑን አሳዪኝ አለኝ። በሁለታችሁ ስም የተከፈተ የባንክ ደብተር አለ ወይ? የቤት ኪራይ ውልስ? የመብራት ክፍያ ደረሰኝስ? እኔ ምን ልበለው? ቤታችንን ወዳጅ ዘመድ በደቦ ሠራው፤ ኪራይ አናውቅም። የምናበራው ኩራዝ ነው፤ ለኩራዝ በባልና በሚስት ስም ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ እስካሁን አላየሁም። ስንጋባ አባባ ከብትና በግ ሰጡ፣ የባሌ የአፈወርቅ ወገኖችም ያንኑ ያህል አመጡ፣ እኩል ለእኩል ተብሎ በሽማግሌ ፊት በሰማንያ ተጻፈ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ገለጥ አድርጎ አየና ይህ የድሮ ነው፣ አሁን አብራችሁ ስለመኖራችሁ አያስረዳም አለኝ።

ቀጥሎ አፈወርቅ እዚያ እናንተ አገር ሆኖ የላከውን ገንዘብ ደረሰኞች አወጣሁ። ሁሉም የተላኩት በእናቱ በእማማ የትምወርቅ ስም ነው። ሹሙ እያገላበጠ ሚስቱ አንቺ ከሆንሽ ለምን ለአንቺ አይልክም፣ አያምንሽም ወይ አለኝ። እትዬ፣ ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እናቱ በሕይወት እያሉ፣ እኔም ከእሳቸው ጋር እየኖርሁ፣ ምራት እሳቸውን ዘላ ገንዘብ ልትቀበል ነው? እሳቸው ይቀበላሉ፣ መርቀው በእጄ ያስቀምጡልኛል፣ በግ መግዛቱንም ቆርቆሮ ማልበሱንም የምወስነው እኔና እሱ ነን። አንድ ሳንቲም ለራሳቸው አስቀርተው አያውቁም። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። አስተርጓሚው ግን በሁለት ቃል ቋጭቶ ነገረው፤ ምን እንዳለው እግዜር ይወቅ።

በመጨረሻ የጋራ ሀብታችሁ ምንድን ነው ሲለኝ ጓሳ ጥግ የምናሰማራቸው በጎች አሉን አልሁት። ስንት ናቸው አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሉ አልሁት። ደግሞ ጠየቀኝ። ብዙም አይደሉ፣ የሰጠንን ያህል ናቸው አልሁት። አፈወርቅ ግን እዚያ በሞላው ወረቀት ላይ ቁጥሩን አስቀምጦት ኖሯል። እሱም እንዳንቺ ረስቷል ማለት ነው። ሹሙም ይህች ሴት የቤቷን ሀብት አታውቅም ብሎ ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ላም አለኝ በሰማይ የምል ቀጣፊ መሰልሁት።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የከተማ ልጅ ነበረች። ባሏን ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳየችው፣ ነገሩም በክፍያ የተደረገ እንደሆነ ሳታፍር አጫወተችኝ። የጋራ የባንክ ደብተሩ፣ የኪራይ ውሉ፣ ፎቶግራፉ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም በላስቲክ ተለብጦ በእጇ ነበር። እሷን አመስግነው አሳለፏት። እኔን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገባሁትን፣ አምስት ዓመት አማቴን የጦርሁትን መለሱኝ። አሁን አንቺ ደግሞ ፈጥናችሁ የጋራ ደብተር ክፈቱና ገንዘብ አስገቡበት ትዪኛለሽ። ትናንት በተከፈተ ደብተር የአምስት ዓመት ትዳር ላስመሰክር? ማጭበርበርስ እሱ አይደለም ወይ? አላደርገውም።

እማማ የትምወርቅ ይህን ሲሰሙ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። ልጄ የላከው በእጄ ማለፉ ነው ነውር የሆነው ብለው ተብከነከኑ። በማግሥቱ ግን ማንንም ሳያማክሩ ሰማንያውን የፈረሙትን ሽማግሌዎች፣ አባባንና የቀበሌውን ሊቀ መንበር አስጠሩ። በጎቹን ከግጦሽ አስመልሰው ደጃቸው ላይ አስቆሟቸውና ቁጠሩ፣ ጻፉ አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። አባባ እንኳ ይቅርብዎ፣ ሌላ ብልሃት እንፈልጋለን ብለው ነበር። እማማ አልሰሙም። ቆጠራው ሲጀመር ግን ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠምጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ገንዘቡ የባልና የሚስቱ ነው፣ እኔ አሻግሬ ሰጪ ብቻ ነኝ የሚለው ቃል ሲጻፍ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። የሊቀ መንበሩ ጸሐፊ እጃቸውን ይዞ ነው ያስፈረማቸው።

ማታ ላይ ያ ወረቀት ከሠራልሽ እኔ ብቻዬን መቅረቴ አይደል፣ ግን ሂጂ፣ ከባልሽ ጋር መኖር ጽድቅ ነው አሉኝ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ቀለቡንም እንጨቱንም ውኃውንም የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። እትዬ፣ ለዚያ ሹም ይህን በየትኛው ደረሰኝ ላስረዳው? እኔ አልቅሼ እሳቸው አባበሉኝ።

ወረቀቱን አባባ ራሳቸው መሐል ሜዳ ይዘው ሄደው አስተርጉመው ማኅተም አስመትተውበታል፤ በዚህ ሳምንት ለኤምባሲው ይላካል። አፈወርቅ በአካል ቅርብሽ ነውና ይህን በቃል ንገሪልኝ። በስልክ ስነግረው መስመሩ ይቆረጣል፤ ሳይቆረጥም አይዞሽ ብቻ ይለኛል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ልጅ እፈልጋለሁ፤ አይዞሽ የሚለው ቃል ልጅ አይሆነኝም። ካመኑኝ እመጣለሁ፣ እናቱንም የምንጦርበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን። ካላመኑኝ ግን ትዳሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ዳግመኛ መስኮት ሥር አልቆምም። እሱ ይምጣ። እናቱ ደጅ ላይ የባንክ ደብተር አሳይ ብሎ የሚያግደው የለም።

አባይነህን እጅ ነሥታሃለች በይልኝ። ማርያማዊትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ለብርዱ የምትለብሽው የበግ ጠጉር ባና አሠርታልሻለች፣ ሰው ሲገኝ ትልክልሻለች በያት። አባባ በጸሎታቸው ያስቡሻል፤ እማዬ ድምፅሽ ናፍቋት የድሮ ፎቶሽን እያየች ታወራዋለች። እማማ የትምወርቅም ልጄን በዓይንሽ አይተሽ ስለምትነግሪኝ እግዜር ይስጥሽ ብለዋል። ለአፈወርቅ ግን በወረቀት የምልከው ሰላምታ የለኝም፤ አምስት ዓመት ልኬለታለሁ፣ ከእንግዲህ ከአፌ ይስማው።

ታናሽ እህትሽ እስከዳር ኪዳነ ወልድ
መንዝ፣ ቀየት
ግንቦት 14 ቀን 2001 ዓ.ም.