ስለተቀባልን ግድግዳና ስላልተነበበው መልእክት

ለተከበሩ አቶ ወጋየሁ
የ«ድምፀ ፊደል» ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ የመካኒሳ አቦ ንባብ ክፍል ሰዎች፣ ካሻሻሉልን ፕሮግራም በስተቀር ደህና ነን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። መጽሐፍ በድምፅ የሚያነብ፣ ምንጭ ኮዱ፣ ማለትም የተጻፈበት መመሪያ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነበረን። ዓይነ ስውሯ ቀመሪያ ለሕግ ትምህርቷ የመጨረሻ ፈተና የምታጠናው በእርሱ ነበር። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጽሕፈት ቤትዎ የቀድሞውን አጥፍቶ አዲስ ጫነልን፤ ከዚያ ወዲህ የምናየው «የላይብረሪው ቨርዥን አሮጌ ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

፩. ጽሑፉን ቃል በቃል ገልብጠን ስንልክልዎ፣ ላይብረሪው ማርጀቱን ተገንዝበው በአራተኛው ቀን ሁለት ቀለም ቀቢዎች ስለላኩልን እናመሰግናለን። ግድግዳው አምሯል። የተባለው ላይብረሪ ግን በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ፣ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ ነውና ብሩሽ አይደርስበትም።

፪. ባለሙያዎ በስልክ «እኔ ጋ ይሠራል» ስላሉን እናመሰግናለን። አምናቸዋለሁ፤ ፕሮግራሙን ከምንጭ ኮዱ የገነቡት በራሳቸው አዲስ ኮምፒውተር ላይ ነውና እርሳቸው ጋ ባይሠራ ነበር የሚገርመው። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ግን የደንበኛውን ኮት በራሱ ትከሻ ለክቶ አይሰፋም። አንብቤ እንደተረዳሁት፣ በአሮጌ ላይብረሪ ላይ የተገነባ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ በአዲሱም ይሠራል፤ በአዲሱ የተገነባው ግን በአሮጌው እምቢ ይላል። በአሮጌው ይገንቡልን ብለን ብንለምን፣ ኋላ ቀርነትን እንደማያበረታቱ ተነገረን።

፫. ላይብረሪውን ብቻ በአዲስ እንድንተካ ስለመከሩንም እናመሰግናለን። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ተካን። ሌሎቹ ፕሮግራሞች የቆሙት በአሮጌው ላይ ስለነበር ያ ኮምፒውተር ዳግመኛ አልተነሳም። ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ አሁን ሁለት ናቸው።

፬. ከሁሉ የከነከነኝ ያላነበቡትን እንዳነበቡ ሆነው መመለስዎ ነው። ይህን የምለው ከእርስዎ ተሽዬ አይደለም። በደህናው ዘመን የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ማንበብ ግን አልችልም ነበር። ባለቤቴ ፍሮምሳ ዓይኑ ሲደክም ከሆስፒታል የመጣለትን ደብዳቤ እንዳነብለት ሰጠኝ። አፍሬ፣ ደህና ነህ ይላል አልኩት። የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበር። ቀኑ አለፈ፤ ዓይኑም ጠፋ። በእውነት ማንበብ የተማርኩት እርሱን ከቀበርኩ በኋላ፣ ብቻዬን ነው። እኔ አለማወቄን ነበር የደበቅሁት፤ እርስዎ ማንበብ እየቻሉ ምን እንደሚደብቁ አላውቅም።

አንድ መስመር ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ለጽሕፈት ቤትዎ እንዲቀጠር በጸሎት የምተጋ፣
አክባሪዎ
ሶሬቲ ቦንሳ
የንባብ ክፍሉ ጠባቂ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ኑረዲን የሚባል የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ምንጭ ኮዱን አውርዶ፣ ፕሮግራሙን በእኛው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ከሰዓት ገንብቶልናል። ቀመሪያ ትናንት ጥናቷን ቀጥላለች። ፈተናዋ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ እስከዚያ ድረስ ምንም ዓይነት እርዳታ እንዳያደርጉልን በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ።